ስለ ጀልባዋ ቀዳዳ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህስ እንደምን ናት? ልጆቹስ? ብርዱ ለቀቃችሁ ወይስ አሁንም ካልሲ ደርባችሁ ነው የምትተኙት? የአንተን ደህና መሆን እንኳ ድምፅህ ነግሮኛል። እንደዚያ የሚጮህ ሰው ሳንባው ጤነኛ ነው። እኛም፣ አልጠየቅከንም እንጂ፣ ደህና ነን። የእማማ ወገብ አንድ ቀን ይሻላል፣ አንድ ቀን ይብሳል። የአባባ ጉልበት እንደምታውቀው ነው፤ ወይም እንደማታውቀው።

«ደብዳቤ ምን አስፈለገ፣ አትደውይም ወይ?» ትል ይሆናል። አንተን ስልክ ላይ ማን ይችልሃል? እውነት ልነግርህ ስጀምር ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል፤ ልትቆጣ ስትፈልግ ግን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጥርት ይልልሃል። ወረቀት አይቆራረጥም። ታላቅህ ነኝና ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ ያልከኝን ልድገምልህ፣ ረስተኸው እንዳይሆን። «ሽማግሌው ጉድ ሠራኝ። ወይ አእምሮው ተነክቷል፣ ወይ ሆን ብሎ ነው። ቀዳዳ ጀልባ ልኮ በሰው ፊት አዋረደኝ» አልክ። ሽማግሌው! አባባን እኮ ነው። አንቱታውን እንኳ ነጠቅሃቸው። ከዚያ «ውታፍ የሚባል ነገር አለ አሉ፣ ፈልጊና በቶሎ ላኪልኝ፤ ለእሱ ግን ትንፍሽ እንዳትይ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። አፌ ደርቆ ቀረሁ። አሁን ምራቄ ተመልሷልና ስለ ቀዳዳዋ ልንገርህ።

መጀመሪያ ነገሩን ማን እንደ ጀመረው አንርሳ። አባባ የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ዘግተው ጉልበታቸውን ታቅፈው የተቀመጡ ሰሞን፣ አንተ ነህ ደውለህ «እኔ ያለሁበት አገር ሰው ሁሉ ጀልባ አለው፤ ለእኔም አንድ ቢሠሩልኝ ምናለበት» ያልካቸው። ለጨዋታ ነው ያልከው፤ ሳቅህን እኔም ሰምቼዋለሁ። አባባ ግን አልሳቁም። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው በርና መስኮት፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሠሩ ኖረው፣ አንተ አንድም ቀን ከእጃቸው ሥራ የሚሆን ነገር ጠይቀሃቸው አታውቅም ነበር። በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ሐይቅ ዳር ወረዱ። የሰው ጀልባ ሥር ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ሲያዩ፣ ዘበኛው ሌባ መስለውት ሊደበድባቸው ነበር። ቤት ሲመለሱ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ እርሳስ ፈለጉ።

ከዚያ በኋላ ግቢው የእኛ መሆኑ ቀረ። እዚህ ቤት ጀልባ እንደ እኔ የጠላ ሰው እንዳልነበረ እወቅልኝ። የልብስ ማስጫዬ ተነቀለ። ትልቁ ድስቴ ኮላ ማፍያ ሆነ፤ ዛሬም ኮላው ደርቆበት ተቀምጧል። ጣውላው እንዲታጠፍላቸው በበርሜል ውሃ እያፈሉ በእንፋሎት ሲቀቅሉት ይውላሉ። ሰጋቱራው ወጥ ውስጥ ገባ፣ አልጋ ውስጥ ገባ፣ ጆሯችን ውስጥ ገባ። እማማ «ለእኔ የዕቃ መደርደሪያ ሥራልኝ ብዬ ፀጉሬ ሸበተ፤ ልጁ ባንድ ስልክ መርከብ ያሠራል!» ይላሉ። አባባ ብርጭቆ ወረቀታቸውን ይዘው ይፍቃሉ። የመጀመሪያዋ ልክ ልትጨረስ ስትል ወደ አንድ ጎን ዘመመች። እጃቸውን በሆዷ ላይ አሳለፉና አፍርሰው ከመሠረቷ ጀመሯት። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ለእሳቸው አይደለም፣ ለልብስ ማስጫዬ ነው።

ስታልቅ ግን፣ መቼም እውነቱን መናገር ነው፣ አማረች። ፎቶ አንስቼ የላክሁልህ እኔ ነኝ፤ ይብላኝ ለእጄ። አየኸትና «ይሄማ የምር ነው!» አልክ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳሰብክ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አገር ስትገባ ሸሪክ እንዲያደርግህ የምትለማመጠው፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ያለው ሰውዬ አለ። ለእሱ እጅ መንሻ አጥተህ ነበር፤ አገኘህ። ለአባባ ግን ዓይንህን በጨው አጥበህ ደወልክና «ተሳቢ ልኬያለሁ፣ ወደብ ያደርሳታል፣ ከዚያ በመርከብ እኔው ዘንድ ትመጣለች» አልካቸው። ሰው እጅ የሚነሳው በራሱ እጅ ነው። አንተ ግን በአባትህ እጅ ነሣህ።

ተሳቢው የመጣ ዕለት አባባ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለሐዘንም ለደስታም የምትወጣውን ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁ። ሹፌሩ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ የሰፈሩ ሰው ገና ከመኪናው ሳይወርድ «አይቸኩሌ» አለው። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዱት ቀኝ ሲሉት ግራ፣ ግራ ሲሉት ቀኝ የሚሄድ፣ አንተን የመሰለ ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ጎረቤታችን ግንበኛው «ግራ! ግራ!» ይላል፣ ባለቤቴ «ኧረ ቀኝ!» ይላል፣ አይቸኩሌ ሁለቱንም እየሰማ የበራችንን ምሰሶ ፋቀው፣ የአበባ ጣሳዎቼን ደፈጠጣቸው። እንደ ምንም ገባ።

ጀልባ አፏን ወደ ታች ተደፍታ ነው የምትሠራውና ቀና መደረግ ነበረባት። ከሥሯ ፍራሽ ተነጠፈ፤ የእኔ ነው፣ የማን ሊሆን ኖሯል? የጎረቤት ወንዶች በሙሉ መጡ። የእመቤታችንን ስም እየጠሩ እንደ በሽተኛ ቀስ አድርገው ገለበጧት። ከዚያ በቁርጥራጭ የውሃ ቧንቧ ላይ እያንከባለሉ ወደ ተሳቢው ወሰዷት። ልትወጣ ስትል አንዱ ቧንቧ አፈተለከና ወደ ተፋቀው ምሰሶ ተንሸራተተች። ሰው ሁሉ ሲሸሽ አባባ ገቡ። በእሷና በምሰሶው መካከል ደረታቸውን ሰጡ፤ ቀለሟ እንዳይጫር ብለው! ባለቤቴ በገመድ ባይዛት ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ሰላምታ ነበር የምጀምረው። ደረታቸው አሁንም ጠቁሯል። ይህን ላንተ እንዳልነግርህ አስጠንቅቀውኛል፤ ነገርኩህ።

ተጭና ከታሰረች በኋላ፣ አባባ የአይቸኩሌን ቋጠሮ አላመኑትምና አንድ በአንድ እየፈቱ ራሳቸው ሲያስሩት፣ እኔ ሹፌሩን ጠጋ ብዬ ወደቡ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቅኩት። «የምን ወደብ፣ እህቴ? ሐይቅ ዳር ሆቴሉ ጋ ነው የማራግፋት፤ ለባለቤቱ ስጦታ ናት ተብያለሁ» አለኝ። ዞር ብዬ አባባን አየሁ። በኮታቸው እጅጌ አቧራዋን ይጠርጋሉ። ልጃቸውን የሚድሩ ይመስሉ ነበር። «ዝም በል፣ በሞቴ» አልኩት ሹፌሩን። ውሸቱ ያንተ ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን የእኔም ሆነ። ለዚህ ነው ከሁሉ ይልቅ የተቀየምኩህ።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ? የእሷም ቀዳዳ ከኋላዋ በታች በኩል ናት። አባባ ሆን ብለው በትራፓኖ የበሷት ናት፤ እዚህ ላይ ተሳስተሃል አልልህም። ዝናብ ከያዛት ውስጧ የተጠራቀመው ውሃ እንዲፈስ ነው፤ እነዚያ ሥራቸው ተኝተው ያዩዋቸው ጀልባዎች ሁሉ አላቸው። ውሃ ላይ ስትወጣ በውታፍ ትደፈናለች። ውታፏንም ከጠንካራ እንጨት ጠርበው፣ ሰም አጥጥተው፣ ልክክ አድርገው ሠርተዋታል። አይቸኩሌ «ይስጡኛ፣ አባቴ፣ ከእሷው ጋር ላድርስ» ቢላቸው «አይሆንም፣ መንገድ ላይ ትጠፋብሃለች» ብለው በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቷት።

ማታ እማማ «ያለ ውታፍ ልከህ ልጁን ልታሰምጠው ነው እንዴ?» እያሉ ሲጨቀጭቋቸው ነው ነገሩን ያወጡት። «ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ቀዳዳዋን ሲያይ ይጠይቃል። ሳይደውልልኝ ውሃ ላይ ሊያወጣት አይችልም» አሉ።

ገባህ? ሳይደውልልኝ አይችልም። አባትህ ድምፅህን ለመስማት ጀልባ ማጉደል ነበረባቸው። አእምሮው የተነካ ሰው እንዲህ አድርጎ አያሰላም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በራፍ ላይ ተቀመጡ። ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ይዘውት ይሄዳሉ። ጀልባዋ ደግሞ በዚያው ሰሞን ያ ባለ ሆቴልህ እንግዶቹን ሰብስቦ፣ ከላይ ከላይ ቀለሟን እያደነቀ፣ ሥሯን አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሳያይ ገፍቶ ገባባት። ልብሱ እስከ ወገቡ ራሰ አሉ። ይበለው። አንተም እሱን «ለምን አላየሃትም?» ማለት ፈራህና እኛ ላይ ጮኽክ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ውታፍ ስትፈልግ እንኳ ለእኔ ደወልክ እንጂ ለእሳቸው አልደወልክም።

እኔ እንደማልልክልህ ስታውቅ አይቸኩሌን ላክኸው። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ያለ ተሳቢው መጣ። አባባ ሲያዩት ጉልበት እንዳለው ሰው ብድግ አሉ። «መርከቡ ደረሰ? ልጄ ነው የላከህ?» አሉት። እኔ ከኋላቸው ሆኜ በእጄም በዓይኔም ለመንኩት። ሰውዬው ግን ተሳቢ መንዳት እንጂ መዋሸት አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ሁሉንም ነገራቸው፤ መርከብ እንደሌለ፣ ጀልባዋ ለባለ ሆቴሉ መሰጠቷን፣ ውሃ መግባቷን፣ አንተ ውታፏን አምጣ ማለትህን። አባባ ቆመው ሰሙት። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ በመጋጠሚያዎቿ በኩል ውሃ ገብቶ እንደሆነ። «ኧረ ጠብ አላለባትም፣ አባቴ፣ በቀዳዳዋ ብቻ ነው» አላቸው። «እንግዲያው ደህና ናት» አሉ። ውታፏን ከነመሐረቧ አውጥተው ሰጡት፤ ከውስጥ በኩል እንደምትገባ፣ በመዶሻ ሳይሆን በመዳፍ እንደምትመታ አሳዩት። ከዚያ «ሰውየው መንገደኛ ነው፣ ምሳ ስጪው» አሉኝና ገብተው ተኙ።

ስለዚህ ውታፍህ ደርሳሃለች። ደስ ይበልህ። ከባለ ሆቴሉ ጋር ብትስማማም ባትስማማም ከእንግዲህ የራስህ ጉዳይ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዳንተ ያለው ነው። ይቅርታም ከሆነ በእኔ በኩል እንዳትልክ። በእኔ በኩል ያለፈው ይበቃል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ልጆቹን ግራና ቀኝ ሳምልኝ፤ እነሱ ምን አደረጉ። ባለቤቴ ከዚያ ገመድ ወዲህ ወገቡን በጨርቅ አስሮ ነው የሚሄደው፤ ሆኖም እንደ ወንድም ሰላም ብሎሃል። እሱ ቂም መያዝ አይችልበትም፤ የእሱንም ድርሻ እኔ ይዤለታለሁ። ግንበኛው ጎረቤታችን ምሰሶውን አድሶ «ለልጁ ሰላም በይልኝ፣ ሁለተኛ ግን ተሳቢ እንዳይልክ» ብሏል። እማማ «ሰላም በይው፣ አሳጥረሽ» ብለዋል። አባባን «ምን ልበልልዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ ተነስተው ወጡ። ስልካቸውን ማክሰኞ ማታ «አንቺ ጋ ይሁን፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብለው ሰጥተውኛል። ከዚያ ወዲህ ራት በልተን ስንነሳ፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ «ማን ደወለ?» ይሉኛል። በወደቡ ነገር አንድ ጊዜ ላንተ ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ፤ አይደገምም። «ማንም» እላቸዋለሁ።

እህትህ

ከአባባ ግቢ
ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን