ሦስቱ የነጭ ቅባት ቆርቆሮዎች

ዛሬ ማክሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰፈርተኛው «ባለሳሙናዋ» እያለ የሚጠራኝ እኔ፣ ጉበቴ ቢታመምም አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን የኑዛዜ ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፉልኝ ጡረተኛው መምህር ናቸው። ጎረቤቴ ነርሷና ልብስ ሰፊው ይሰማሉ። ሁለቱ ልጆቼ፣ ወንዱም ትንሿም፣ እግርጌዬ ተቀምጠዋል። መምህር፣ አደራዎን፣ አያሳምሩብኝ፤ እንዳልኩት ይጻፉልኝ።

ቤቱን ለሁለቱም እኩል ሰጥቻለሁ። በግድግዳና በአጥር እንዳትካሰሱ፤ በቁሜ ያላየሁትን ጉድ ስሞት አታሳዩኝ።

የሳሙናውን ድስት፣ የእንጨት ቅርጾቹንና የአመድ ውሃ ማጥለያውን ለወንድ ልጄ ሰጥቻለሁ። «እንዴ እማዬ፣ እኔ ሳሙና ልሠራ?» አትበለኝ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እጅህ እስኪላጥ ሞራ ስታቀልጥልኝ አንድ ቀን አመስግኜህ አላውቅም፤ ዛሬ አመሰግንሃለሁ። ሳሙናው ተንኮል የለበትም። ሞራ፣ አመድና ውሃ ነው። ስድስት ሳምንት ሳይደርቅ ግን እንዳትሸጠው፤ ቆዳ ይበላል።

አሁን ዱሮ ለፊት ማፍኪያ እየሠራሁ ወደምሸጣት ነጭ ቅባት ልምጣ።

አንቺ ትንሿ፣ ባለፈው ወር «እማዬ፣ ሰው ዛሬ የሚፈልገው የዱሮ ነገር ነው፤ ኬሚካል ሰልችቶታል። ቅባትሽን በዚያው በጥንቱ ቆርቆሮ ልሽጠው» አልሽኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩብሽ። አፍሬ ነው እንጂ ተስማምቼ አይደለም። የዱሮ የሆነ ሁሉ ንጹሕ ይመስላችኋል! ቅባቷ ሰም አላት፣ የጉሎ ዘይት አላት፣ ሽታዋም ልብ ይሰርቃል። ግን በጥፍሬ ጫፍ እየለካሁ የምጨምርባት ነጭ ዱቄት ነበረ። ፊት የሚያፈካው እሱ ነው። ሜርኩሪ ነው፤ መርዝ ነው።

ታላቅ እህታችሁ በኩላሊት ሞተች ስትባሉ ኖራችኋል። እውነት ነው፤ ማን እንዳሳመማት ግን አልነገርኳችሁም። ፊቷ የሱቄ ማስታወቂያ ነበር። አዲስ በሠራሁ ቁጥር መጀመሪያ የምቀባው እሷን ነው፤ ደንበኛው ጉንጯን እያየ ይገዛል። ሰውነቷ ሲያብጥ ሐኪሙ «ፊቷን ምን ትቀባለች?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለቴም «ኧረ ምንም፣ ሳሙና ብቻ» አልኩት። ሱቄ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀብሬያት ስመለስ የቅባቱን ድስት ሰበርኩት፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። እግዚአብሔር ይፍረድብኝ።

ያኔ የተረፉ ሦስት ቆርቆሮዎች አልጋዬ ሥር ሣጥን ውስጥ አሉ። መጣል አቃተኝ፤ በአንደኛዋ ውስጥ ቅባቱ ላይ የሟቿ ልጄ የጣቷ ምልክት እንዳለ ነው። እነሱን ለነርሷ አስረክቤያለሁ፤ መርዝ ከሚወገድበት ታድርስልኝ። እስቲ ነርሷ፣ የኔ ልጅ፣ አሁኑኑ አውጪያቸው። በምስክር ፊት ይቆጠሩ።

(የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ሣጥኑ ተከፍቶ ሁለት ቆርቆሮ ተገኝቷል።)

ሁለት? ደግመሽ እዪልኝ።

አንቺ ትንሿ፣ ቀና በይ። ቀና በይ አልኩሽ! ወይኔ ልጄ! ለገና ስትመጪ «ፊትሽ እንዴት ፈካ» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ከመቼ ጀምሮ ነው?

«ከመስከረም ጀምሮ» ብላለች፤ ይጻፍ። ቆርቆሮዋንም ከቦርሳዋ አውጥታለች። እስከ ታች ተጠርጋለች፤ የእህቷ የጣት ምልክትም የለም።

በቃ፣ አታልቅሺ፤ ጊዜ የለንም። ጌጡም ልብሱም ይቆይ፣ እንደፈለጋችሁ ተካፈሉት። ለአንቺ የማወርስሽ ይህን ነው፦ አሁኑኑ ተነሺ፤ ወንድምሽ ይውሰድሽ። ሐኪሙ ምን ትቀቢያለሽ ሲልሽ እውነቱን ንገሪው። ቆርቆሮዋን አሳዪው። «የሠራችው እናቴ ናት» በዪው፤ እኔን ብለሽ እንዳትደብቂ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጬ በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

ምስክሮች፦ ጎረቤት ነርሷ (ፊርማ)፤ ልብስ ሰፊው (ፊርማ)፤ ጸሐፊው ጡረተኛ መምህር (ፊርማ)

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ሲፈረም ወራሾቹ በቦታው አልነበሩም፤ ቆርቆሮዋን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ሄደዋል። ተናዛዧ ካተሙ በኋላ ጋደም እንዲሉ ብንለምናቸው እንቢ ብለው፣ በሩን እያዩ ተቀምጠዋል።