ያንተ ቡሽ፣ የበድሪ መኪና

ቺሮ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህም ለተቆጣሁህም ባለቤቴ ለህሩይ፤

እንዴት ነህ? ደቡብ አፍሪካ ብርዱ ጀምሯል ይባላል፣ እግርህን አደራ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደህና አይደለሁም። ስልክ ስለማታነሳልኝ ይህን ጽፌ ፎቶውን ልኬልሃለሁ።

«ቡሽ ያልተደፈነበት ወይን የአረቄ ዘመድ ነው» ብለህ ከምትሠራበት የወይን እርሻ በላክኸው ቡሽ፣ የማር ወይኔን እንዳልከኝ ደፈንኩት። የሚጠመዘዝ ክዳን ይሻላል፣ ሚኤሶ እሳት ነው ብዬህ ነበር። መች ሰማኸኝ! አርብ ዕለት ለሚኤሶው ሆቴል በበድሪ ሚኒባስ የላክሁት የማር ወይን ቆላው ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ቡሹን ገፍቶ አወጣው። ካርቶኑ ከኋላ ወንበር ስር ነበር። ለጁምዓ ሶላት የሚሄዱት ሐጂ መስዑድ ነጭ ጀለቢያቸው ራሰ። ሚኒባሱ ሸተተ፤ ተሳፋሪው እዚያው አስፋልት ላይ ወረደ።

በድሪ ከሰዓት መጣ። የልጅነት ጓደኛህ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ወንድም የሆነኝ በድሪ፣ ግቢ ውስጥ አልገባም አለኝ።

«ሳህሊቱ፣ ምንድነው የጫንሽብኝ?»

«ወይን ነዋ! አታውቅም እንዴ?»

«ህሩይ በስልክ ማር ነው ብሎኛል። ወላሂ ማር ብዬ ነው የጫንኩት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለእኔ «አስፈቅጄዋለሁ» አላልክም? ሁለታችንንም አሞኘኸን!

አሁን መኪናው ላይ የሚሳፈር የለም፤ ተራ አስከባሪዎቹም ከተራ አስወጥተውታል። ሚስቱ ኩብራ ታለቅሳለች። ሐሙስ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል። እውነቱን ንገራቸው ስለው፣ «አቦ ተይኝ! በሌለበት ስሙን አላነሳም። ሳልጠይቅ ጫንኩ እላለሁ» አለኝ። አንተስ በመልእክት ምን አልከኝ? «ማሩ ፈልቶ ነው በይ።» አፈርኩብህ፣ ህሩይ።

የቀረውን ወይን በሙሉ በሚጠመዘዝ ክዳን ዘጋሁት። ፀሐይ ላይ አቆየሁት፣ ገልብጬም አሳደርኩት፤ ጠብ አላለም። ጠርሙሱ ላይ «የማር ወይን፣ የሚያሰክር» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ከእንግዲህ የሚወስደው ሹፌሩ እንዳሻው ነው፣ በአይሱዙ የጭነት መኪናው፤ የሚጭነውን አይቶ፣ ያው እንደምታውቀው ቀምሶም ጭምር። የአረቄ ዘመድ በለው፣ የፈለግኸውን በለው። ቡሽህ ከነከረጢቱ ተቀምጦልሃል።

እወድሃለሁ። ስትናፍቀኝ ጋቢህን ለብሼ የምተኛ ሴት ነኝ። ግን ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ፊት እኔም እቆማለሁ። ከዚያ በፊት ለሐጂ መስዑድ ደውለህ «በድሪን ያታለልኩት እኔ ነኝ» ካልክ፣ አፌን አልከፍትም። ካልደወልክ ግን ስምህን የምጠራው እኔ ነኝ፤ የገዛ ባሌን ስም፣ በአደባባይ። ይህን እንዳታስደርገኝ።

እመብርሃን በሰው አገር ትጠብቅህ፤ ልቦናም ትስጥህ። እስከ ሐሙስ ስልኬን ከእጄ አላወርደውም።

ሚስትህ ሳህሊቱ