ሞስ የሚበቅልበትን የሚያውቁት አቶ ነገሪ ዋቁማ (1943–2011 ዓ.ም.)

አቶ ነገሪ ዋቁማ ከአባታቸው ከአቶ ዋቁማ ሞሲሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጋዲሴ ቃልቤሳ በኢሉባቦር፣ ከመቱ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በመቱ ተከታትለው በደን ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ፣ በጎሬ አካባቢ በደን ቆጠራ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ባልደረቦቻቸው ቀና ብለው ዛፍ ሲቆጥሩ እሳቸው ጎንበስ ብለው ሥሩ የበቀለውን ሞስ፣ እርጥብ ግንድና ድንጋይ የሚያለብሰውን ድንክ አረንጓዴ ተክል፣ ያዩ ስለነበር፣ ከአለቃቸው ቁጣ የተረፉበት ወር የለም።

በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ ኢቢሴ መርጋ ጋር በጋብቻ ተሳስረው አንዲት ልጅ፣ ዱረቲን፣ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ1995 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. ልጃቸው ወዳለችበት ባሕር ማዶ፣ ሴንት ፖል ከተማ መጥተው ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር አብረዋት ኖሩ። ጡረታ እስኪወጡም በአቅራቢያው ፕሊማውዝ ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠርተዋል።

በመጡበት ዓመት ጸደይ፣ በሴንት ክሮይ ወንዝ ዳር ጫካ፣ በወደቀ ግንድ ላይ ቱይዲየም የሚባለውን ቅርንጫፉ ላባ የመሰለ ሞስ ሲያገኙ እንደ ልጅ ጮኹ። በኢሉባቦር ደን የሚያውቁት ወገን ነበር። ጥላ፣ እርጥበትና የበሰበሰ እንጨት ካገኘ እዚያም እዚህም ይበቅላል። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከጸሎት ሲወጡ ከነሱፋቸው ጫካ ገብተው ግንድ ሥር ይንበረከኩ ነበር፤ የታመሙ መስሎት ሊያነሣቸው የሮጠም አልጠፋም። ዱረቲን አብራቸው እንድትሄድ ሲለምኗት መልሷ አንድ ነበር፦ «አባዬ፣ ዛሬ ደብል ሺፍት ነኝ፤ ኔክስት ዊክ አብረን እንሄዳለን።» አንድም ቀን አልሄደችም።

የሰበሰቡትን ሞስ በፖስታ ከሚመጣ የማስታወቂያ ወረቀት ባጣጠፉት ከረጢት ያኖሩና፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የዛፉን ዓይነት በእርሳስ ይጽፉበት ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት አራት ካርቶን ሞላ። ባለፈው መስከረም አንዲት የሞስ ተመራማሪ አይታው ለጥናት እንዲሰጧት ስትጠይቃቸው፣ የክረምቱ በረዶ ሲቀልጥ በእጃቸው ሊያስረክቧት ቃል ገቡ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

በጥር ወር በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ ይመጣል ተብሎ ቤቱ ሲጸዳ፣ ሞሱን የት እንደሚያኖሩት ጠይቃ የማታውቀው ዱረቲ፣ ካርቶኖቹ ተራ የማስታወቂያ ወረቀት መስለዋት አውጥታ ጣለቻቸው። የሆነውን ያወቀችው የቆሻሻ መኪናው ከሄደ በኋላ፣ አባቷ ከአልጋቸው ሆነው ሲጠይቋት ነው።

«ዱሬ፣ ካርቶኖቹ ደህና ናቸው? እርጥበት እንዳይነካቸው።»

«ደህና ናቸው አባዬ፣ ዶንት ወሪ።»

በየቀኑ ጠየቋት፤ በየቀኑም እንደዚያው መለሰችላቸው። አቶ ነገሪ መጋቢት 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ዲንሳና ልጃቸው ዱረቲ ከቤተ ክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር ሐዘን ላይ ናቸው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ናት። በሕይወት ሳሉ እውነቱን ለመንገር አፏ አልታዘዝ ስላላት፣ አስከሬናቸው ፊት እንዲነበብ አድርጋለች። አሁን ሊመልሱላት እንደማይችሉም ታውቃለች። አቶ ነገሪን ጌታ በዕረፍቱ እንደተቀበላቸው እናምናለን፤ ዱረቲንም እሱ ይቅር ይበላት።