«ተነሥ» እንዳትዪው

ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለማሚቱ፤ ቆቦ

እምዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኔ ድኛለሁ። መድኃኒቱ ፊቴን አሳብጦታል፤ ስታዪኝ አትደንግጪ። ወንድሜ አረጋም ቱሪስቶቹን ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ይህን ደብዳቤ ጎረቤትሽ ኸዲጃ ብቻዋን ታንብብልሽ።

የዛሬ አራት ዓመት ያ ትኩሳት ሲያነደኝ የባሌ አባት ውባንተ ያደረገውን አልረሳሁም። «ቡዳ የበላው ሰው ወደበላው ቤት ይሮጣል፣ ልቀቋት» ብሎ በሩን አስከፈተ። እኔም ተነሥቼ ወደ አንቺ ቤት ሄድኩ። የታመመ ልጅ ታዲያ ወዴት ይሄዳል? እሱ ግን ልጁ የሸክላ ሠሪ ልጅ ማግባቱን ድሮም አልወደደም ነበርና ምክንያት አገኘ። ሸክላሽን ሁሉ ደጅሽ ላይ ሰባብሮ ከአገር አስወጣሽ። ባሌ ፈንታውም፣ ባል ተብሎ፣ ቆሞ አየ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላም ሕመሙ አልተወኝም። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የግራ እጄን ይዞ የደም ምት አጣበት። አረጋ ያስጎበኛቸው ሰዎች ረድተውን ዴልሂ ሄድን። እዚያ ጦሜን አሳደሩኝ፤ ጠዋት ጨረር ያለበት ስኳር በደም ሥሬ ሰጥተው አንድ ሰዓት ያህል ሳልናገር አስተኙኝ። ከዚያ ትልቅ ቀለበት በመሰለ ማሽን ውስጥ አሳለፉኝ። የተቆጣ የሰውነት ክፍል ያን ስኳር ከሌላው አብልጦ ስለሚሻማ ፎቶው ላይ ይበራል አሉኝ። ከልቤ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ ከአንገቴ እስከ ግራ ክንዴ ድረስ፣ ቦግ ብሎ አየሁት። የገዛ ሰውነቴ ነው ለካ ደም ሥሮቼን ሲያጠቃ የኖረው። ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ «ማንም አላመጣብሽም» አለኝ። ስድስት ወር መድኃኒት ወስጄ እንደገና ፎቶ ሲያነሱኝ ያ ሁሉ ብርሃን ጠፍቷል። አሁን የሚያበራው አንጎሌና ፊኛዬ ነው፤ እሱ የማንም ጤነኛ ሰው ነው ተብያለሁ፣ የውባንተም ቢሆን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። ውባንተ አገላብጦ አየና የፈረንጅ ሥዕል ነው አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

«አንተ፣ የበላችኝ እሷ ከሆነች፣ ካባረርካት በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን በላኝ?»

ፊቱ አመድ ሲሆን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሽማግሌዎቹም ድንጋይ ተሸክሞ ቆቦ ድረስ ይቅርታሽን እንዲጠይቅ፣ አንቺንም በክብር ወደ ቤትሽ እንዲመልስሽ ፈረዱበት።

በኅዳር ጽዮን ማግስት ይዘውት ይመጣሉ። አንቺ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነሽ፤ ገና ሳይንበረከክ «ተነሥ» ትይዋለሽ። እንዳትዪው። ከመናኸሪያው ጀምሮ ድንጋዩ አንገቱን ይጫነው። የቆቦ ፀሐይ አናቱን ይጥበሰው፣ ገበያተኛውም ቆሞ ይየው። የሰበረብሽን ሁሉ አንድ በአንድ ንገሪው፤ ድስቱን፣ እንስራውን፣ ለሠርጌ የሠራሽውን ጋን። ሽማግሌ ቢለምንሽም ዝም በይ። እሱ ለእኔ ትኩሳት አላዘነም።

አንድ ነገር ግን እምዬ፣ ፎቶው ላይ የለም። ያን ቀን ደጅሽ ላይ ውባንተ ክንዴን ይዞ «የበላችሽ እሷ ናት?» ሲለኝ አይደለችም አላልኩም፤ አንቺ ለሰው ሁሉ «ልጄ ራሷን ስታ ነበር» እያልሽ አወራሽልኝ። አልሳትኩም። ሰምቼዋለሁ። ከቤቱ እንዳያስወጣኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። አንቺም ዓይን ዓይኔን ታዪ ነበር፤ ታውቂያለሽ።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሌላ ድንጋይ የተሸከመች ሴት ታያለሽ። እኔ ነኝ። በእሱ ላይ አድርጊ ያልኩሽን ሁሉ በእኔም ላይ አድርጊው።

እስከዚያው አሸተን ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልኝ።

ልጅሽ ኤልሳቤጥ