ሞቃዲሾን በምድር ቤት አዳራሽ ላስገነቡልን ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የሆቴሉ የመዝናኛ ክፍል ዳይሬክተር፤
ላስ ቬጋስ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? የዘንድሮው ሙቀት ሳይነካዎ ከነቤተሰብዎ በባለጸጎቹ ሰፈር በሰመርሊን በጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በድሆቹ ሰፈር በሰንራይዝ ማነር፣ ኤሲያችን ከተበላሸ ወዲህ እንኳ፣ ለእርስዎ ጤና ከመመኘት አልቦዘንም። የሆቴሉን ስም ያልጠቀስኩት በነፃ እንዳላስተዋውቅልዎ ብዬ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ደግሞ ለእንግሊዝኛው ደብዳቤዬ መልስ ስላላገኘሁ ነው፤ ይህኛውን ቢያንስ አልጋ የሚያነጥፉልዎ ሠራተኞች ያነቡታል።

ስሜ ከሊፋ ይባላል፤ እንግዶችዎን ከኤርፖርት የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ በድሪያ እርስዎ ዘንድ ክፍል ታጸዳ ነበር። አባቷ ከወሎ ተሰደው ሞቃዲሾ ውስጥ ልብስ ይሰፉ ስለነበር፣ እሷም ተወልዳ ያደገችው እዚያው ባሕሩ ዳር ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሞቃዲሾን በምድር ቤቱ አዳራሽ ስላስገነቡልን እናመሰግናለን። ነዋሪዎቿ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠግኗት የኖሩትን ከተማ፣ እርስዎ በጥቂት ወራት፣ ያውም ፈርሳ እንዳለች ሠርተዋታል። ጣራው የወደቀው ካቴድራል፣ በጥይት የተበሳሳው የመርከብ መብራት ማማ፣ ሁሉም በየቦታው አለ። እንግዶችዎ የራስ ቁር ደፍተው በመካከሉ እየተሯሯጡ የቀለም ጥይት ይተኳኮሳሉ።

ሁለተኛ፣ ለበድሪያ ስለሰጧት ኦቨርታይም እናመሰግናለን። ከማማው ላይ ቀይ ቀለም እንድትጠርግ አለቃዋ ወደ አዳራሹ ላከቻት። በድሪያ በልጅነቷ በእውነተኛው ማማ ሥር ከታላቅ ወንድሟ ከሚቅዳድ ጋር ዋና ተምራለች። ጦርነቱ በገባ ሰሞን ሚቅዳድ ዓሣ ሊገዛ ወደዚያው ወርዶ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ማን እንደተኮሰበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። በድሪያ ባልዲዋን አስቀምጣ ፈዝዛ ቆማ ሳለች፣ አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ መሣሪያውን ይዞ ገባ። ሒጃቧን ሲያይ የትርኢቱ አካል መሰለችው። «እሷስ ነጥብ ታስገኛለች?» ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ተኮሰባት። ሚዜዎቹ አጨበጨቡ።

እኔ ከሺፍት ስትወጣ ልወስዳት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እጠብቅ ነበር። ነጭ ሒጃቧ በቀይ ርሶ ሳየው ከመኪናው ወርጄ ወደ እሷ ሮጥሁ።

«ደም አይደለም ከሊፋ፣ ቀለም ነው» አለችኝ። መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ፣ «ሚቅዳድንም እንዲሁ ነው የመቱት። ማን ነህ እንኳ ሳይሉት» አለች።

ሦስተኛ፣ በማግሥቱ ቢሮዎ ድረስ ስላስገቡን ምስጋናችን ወሰን የለውም። «ቀለሙ በውኃ ይለቃል» ብለው አጽናኑን። ለሁለት ሰው የሚሆን የቡፌ ኩፖን ሰጡን። ከዚያም እንግዶች ከጦርነቱ ውጭ መሆኗን እንዲያውቁላት በድሪያን ቢጫ ሰደርያ አስለበሷት። ቢጫ ሰደርያ ጥይት እንደሚመልስ ያኔ ብናውቅ ኖሮ፣ አባቷ ለሚቅዳድ በአንድ ቀን ይሰፉለት ነበር።

እሷ የለመነችዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የከተማዬን ስም ከበሩ ላይ ያውርዱልኝ።» ሳምንት ሳይሞላ አወረዱት። አሁን በሩ ላይ «ስም የለሽ ከተማ» ይላል፤ ማማው ግን ከነቀዳዳው ቆሟል። እንግዶችዎ የማንን ቤት እንደሚደበድቡ ከማወቅ ጭምር ስላሳረፏቸው ምስጋና ይገባዎታል።

በድሪያ ያን ጽሑፍ ባየች ቀን ሰደርያውን ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ዛሬ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደሞዙም ያንሳል፤ ግን የምታጥበው ደም የእውነት ስለሆነ ማንም አይስቅበትም።

እኔ እንግዶችዎን ማመላለሴን አላቋረጥሁም። «የጦርነቱ አዳራሽ ጥሩ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ባለቤቴ እዚያ ተመትታለች» እላቸዋለሁ። እስካሁን ሁለት ቤተሰብ ሐሳቡን ቀይሯል። ለዚህ አገልግሎቴ ከእርስዎ ቲፕ አልጠብቅም።

ለእንግዳ ተቀባይነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ የምመኝ፣
ከሊፋ፣ የበድሪያ ባል

ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛ አዳራሽ ሊከፍቱ አስበው አዲስ ከተማ እየፈለጉ መሆኑን ሰማሁ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ከተማዋም ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦርነት አልፎባታል፣ ጥይት የበሳው ግድግዳም አታጣም። ምናልባት እሷን ከመረጡ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ጋ ሲደርሱ ከመተኮስዎ በፊት እባክዎ ያንኳኩ። እናቴ ውስጥ አለች።