የብልቃጦቹ አደራ፦ የወይዘሪት ኩራሞቺ ፉሳኤ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሪት ኩራሞቺ ፉሳኤ ከአባታቸው ከአቶ ኩራሞቺ ሴይኪቺና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታኔ፣ በሰሜን ጃፓን በካሚናራ መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1939 ተወለዱ። አባታቸው በኦክ ግንድ ላይ ሺታኬ እንጉዳይ እያበቀሉ ቤተሰቡን ያስተዳድሩ ነበር። ግንዱን ሌላ ፈንገስ ከቀደመው የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ስለሆነ፣ ፉሳኤ ገና በስድስት ዓመታቸው ግንዱን እያሸተቱ የትኛው እንደተያዘ ለአባታቸው ይነግሩ ነበር።

ትምህርታቸውን በመንደራቸውና በወረዳው ከተማ አጠናቀቁ። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ቢያመጡም አባታቸው፣ «ሴት ልጅ እዚያ ገብታ ምን ልትሆን ነው?» በማለታቸው ሳይሄዱ ቀሩ። በ1957 በአውራጃው የደን ምርምር ጣቢያ ብልቃጥ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። በሁለተኛው ዓመት ግን ያጠቡትን ብልቃጥ ባዶውን መደርደር አልሆነላቸውም። ከተራራ ይዘውት ከወረዱት የበሰበሰ እንጨት ውስጥ ፈንገሱን እያወጡ ያሳድጉበት ጀመር። አለቃቸው፣ «እኛ እንጨት እንዳይበሰብስ ደመወዝ ይከፈለናል፣ አንቺ አብስባሹን ትቀልቢያለሽ!» ብለው ቢቆጧቸው፣ «የወደቀው ዛፍ ሁሉ ባይበሰብስ ኖሮ እርስዎ ተራራው ላይ በየት በኩል ይወጡ ነበር?» ብለው መለሱላቸው። አለቃቸው ሳቁ፤ አንድ መደርደሪያም ሰጧቸው።

በሃያ ዓመት ውስጥ ያ መደርደሪያ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ዓይነት እንጨት አብስባሽ ፈንገስ ያለበት ክፍል ሆነ። እነዚህ ፈንገሶች በሕይወት የሚቆዩት የሰው እጅ ካልተለያቸው ብቻ ነው። በየስድስት ወሩ በእሳት ባለፈ መርፌ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ክር ተቆርጣ ወደ አዲስ ምግብ ትዛወራለች። በየሦስት ዓመቱም እንጨት መብላት እንዳይረሱ የቢች ዛፍ ፍቅፋቂ ይሰጣቸዋል። አንድ ወቅት ከተዘለለ ያ ዘር አለቀለት። ወይዘሪት ፉሳኤ «ልጆቼ» ይሏቸው ነበር። ትዳር አልመሠረቱም፤ አማላጅ ሲመጣ፣ «ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ልጅ አለኝ፤ ሰውየው ይችላል?» እያሉ ይሸኙ ነበር።

በ1968 አቶ ቴራሳዋ ካኔዮ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ጣቢያውን ተቀላቀሉ። በዚህ ጽሑፍ አንቱ የተባሉት ሥርዓቱ ስለሚያስገድድ መሆኑ ይታወቅልን። መርፌ በእሳት ማሳለፍ ያስተማሯቸው ወይዘሪት ፉሳኤ ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ተራራ ወጥተዋል፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተዋል። በ1981 አቶ ቴራሳዋ ሰንዳይ ከተማ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነው ሲሄዱ፣ ወይዘሪት ፉሳኤ የልጆቻቸውን ሙሉ ቅጂ በአደራ ሰጧቸው። አንዱ ቤት አደጋ ቢደርስበት ሌላው እንዲተርፍ ነበር። አቶ ቴራሳዋ ባቡር ጣቢያ ላይ ሣጥኑን አቅፈው፣ «እትዬ፣ እኔ ቆሜ አንድም አይሞትም» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየአዲስ ዓመቱ የአቶ ቴራሳዋ የመልካም ምኞት ካርድ ይደርስ ነበር። በጥሩ ብሩሽ፣ በሚያምር ጽሑፍ፣ «ልጆቹ በሙሉ ደህና ናቸው» ይላል። እንዲህ ያሉ አሥራ ስምንት ካርዶች መጡ። ወይዘሪት ፉሳኤ እያንዳንዱን ካነበቡ በኋላ ፊታቸው ፈካ ብሎ ይውል ነበር።

በኦገስት 1999 በሙታን መታሰቢያ በዓል ሰው ሁሉ ወደየቤተሰቡ መቃብር ሲሄድ ጣቢያው ለስድስት ቀን ተዘጋ። የማቀዝቀዣው ክፍል ተበላሽቶ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ አለፈ። ወይዘሪት ፉሳኤ የወላጆቻቸውን መቃብር አጥበው ሲመለሱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሞተው አገኟቸው። ሠራተኞቹ ሲያለቅሱ እሳቸው ግን፣ «ምን ያስለቅሳችኋል? ካኔዮ ጋ አሉ አይደል» ብለው ሣጥን አዘጋጁ።

በማግስቱ ከወንድማቸው ልጅ ከኢዙሚ ጋር ሰንዳይ ሄዱ። አቶ ቴራሳዋ ሻይ አቀረቡ፣ የሩዝ ኬክ አቀረቡ፣ ስለ ዝናቡም አወሩ፤ ወሬያቸው ግን አላልቅ አለ።

«ካኔዮ፣ ሻዩ ይቆየን» አሉ ወይዘሪት ፉሳኤ። «ልጆቹን አሳየኝ።»

አቶ ቴራሳዋ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፉ። በ1986 መከር ላቦራቶሪው ለሚሸጥ የሺታኬ ዘር ቦታ ሲፈልግ ብልቃጦቹን በሙሉ በእንፋሎት ቀቅለው ጥለዋቸው ነበር።

«ታዲያ ካርዱስ?»

«በየዓመቱ ዘንድሮስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ግን እትዬ፣ በአዲስ ዓመት ካርድ ላይ መርዶ እንዴት ይጻፋል?»

«ዓመቱ ሌላ ቀን አልነበረውም?» አሉ ወይዘሪት ፉሳኤ። መልስ ሳይጠብቁ ጫማቸውን ለማድረግ ወጡ።

ከአሥራ ስምንቱ ካርዶች አሥራ ሦስቱ ውሸት ነበሩ። ሰው ይሳሳታል፤ አለቃም ያስገድዳል፤ ይሁን። ነገር ግን ያኔውኑ፣ በ1986፣ አንድ ስልክ ደውለው ቢሆን ኖሮ ወይዘሪት ፉሳኤ በአንድ ክረምት ሌላ ቅጂ ያዘጋጁ ነበር። ያቃጠላቸው ይህ ነው። ባዶውን ሣጥን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከኢዙሚ ጋር በባቡር ተመለሱ። ኢዙሚ እስከ ዛሬ የሩዝ ኬክ ሲቀርብላት ሳትነካው ትመልሳለች።

ወይዘሪት ፉሳኤ በ2000 ጡረታ ወጡና በስልሳ አንድ ዓመታቸው እንደገና ተራራ መውጣት ጀመሩ። አሥራ ሁለት ዓመት በዝናብና በበረዶ፣ ድብ ለማባረር ቃጭል ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የወደቀ ግንድ ሲያገላብጡ ኖሩ። ሁለት መቶ ሦስቱን መልሰው አገኙ። ከተረፉት ሰባ ስድስቱ ጋር ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሆኑ፤ በወላጆቻቸው ጎተራ ውስጥ ኢዙሚ እያገዘቻቸው አሳደጓቸው። የቀሩት መቶ ዘጠኙ ግን አልተገኙም። ቁጥር መቶ አርባ አንድ በ1966 ከአንድ አሮጌ የቢች ግንድ የተወሰደ ነበር፤ ሌላ ቦታ ታይቶ አያውቅም። ግንዱ የነበረበት ሸለቆ ዛሬ ግድብ ውስጥ ነው። ወይዘሪት ፉሳኤ ግድቡ ዳር ቆመው፣ «እጄ ላይ እኮ ነበረ» ብለው ሲያለቅሱ ኢዙሚ በዓይኗ አይታለች።

በ2022 መጨረሻ የጣፊያ ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ከሕመማቸው ይልቅ ያስጨነቃቸው የብልቃጦቹ ነገር ነበር። ኢዙሚ ሦስት ተቋማትን ለመነች፤ ሦስቱም በትሕትና ቦታ የለንም አሉ። በጁን 2023 አቶ ቴራሳዋ ሰምተው ሆስፒታል መጡ።

«እትዬ፣ ላቦራቶሪው ይቀበላቸዋል። እኔ ጡረታ ብወጣም ቃሌን ይሰሙኛል።»

ወይዘሪት ፉሳኤ፣ «ቅዝቃዜው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ከዜሮ በታች መቶ ስልሳ።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ፈሳሽ ናይትሮጂኑ ቅዝቃዜውን ሦስት ሳምንት ይይዛል።»

«ውሰዳቸው።»

ኢዙሚ እንግዳው እስኪወጡ ድረስ እንኳ አልጠበቀችም። «አክስቴ፣ ምን ነካዎት? ከሰው ሁሉ ለእሳቸው?»

«ይቅር ያልኩት መሰለሽ? አላልኩትም፤ ይዤው ነው የምሄደው። ልጆቹ ግን በእኔ ቂም አይኖሩም፤ ቅዝቃዜ ነው የሚያስፈልጋቸው።»

እውነቱ ይነገርና፣ ኢዙሚ ያን ቀን በገዛ አክስቷ የተከዳች መሰላት። ሃያ አራት ዓመት የእሳቸውን ንዴት ተሸክማ ኖራ፣ እሳቸው በአንድ ቃል አደራውን ለበላው ሰው መልሰው ሰጡት። ለአንድ ሳምንት አላነጋገረቻቸውም፤ ዛሬ ያ ሳምንት ይቆጫታል። በስምንተኛው ቀን ስትመጣ አክስቷ በደከመ እጃቸው ጽፈው የጨረሱት ውል ጠበቃት። አቶ ቴራሳዋ ካርድ እንዳይጽፉ፣ ኢዙሚ በየዓመቱ በኤፕሪልና በኦክቶበር ሄዳ የፈለገቻቸውን ሃያ ቁጥሮች እንድትጠራ፣ ሃያዎቹም ፊቷ ወጥተው እንጨት ላይ እንዲበቅሉ ይላል። አቶ ቴራሳዋና ላቦራቶሪው ፈርመውበታል።

ወይዘሪት ኩራሞቺ ፉሳኤ በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2023 ዐረፉ። ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ሺጌማሳን፣ የወንድማቸውን ልጅ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ኢዙሚን፣ የእሷን ሁለት ልጆች፣ እንዲሁም ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሕያዋን ፈንገሶችን ትተው አልፈዋል።

አቶ ቴራሳዋ ካኔዮ አሁን በዚህ አዳራሽ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ስለመጡ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ኢዙሚ ኦክቶበር 15 ቀን ጠዋት ሰንዳይ ትገኛለች። ሃያዎቹን ቁጥሮች መርጣለች፤ አስቀድማ ግን አትነግራቸውም።

አደራ የማይበላ እጅ የእኚህን ሴት ነፍስ ይቀበልልን።