ጠፍቷል ብዬ ስለፈረምኩበት እሳት

ለተከበሩ የሰደድ እሳት መከላከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጉሮሮዎ ከጭስ፣ ማኅተምዎ ከመድረቅ ተጠብቀው እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከግራ ቅንድቤ በስተቀር ደህና ነኝ።

እኔ ማለት ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ከታላቅ እኅቴ ማሳ አጠገብ ቤት የሠራሁ፣ ወረቀት ካላየ ዓይኑን የማያምን ሰው ነኝ። ይህን የማስቀድመው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲያጣሩ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር ከአጥሬ የቆረጥኩትን ደረቅ ቅርንጫፍ ለማቃጠል ከጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ አወጣሁ። ከጀርባው የታተሙትን ሰባት ደንቦች በቃሌ አጠናሁ። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ለኮስኩ፤ ዙሪያውን አሥር እርምጃ መነጠርኩ፤ አካፋና ሁለት ባልዲ ውሃ አዘጋጀሁ፤ ለጎረቤቴ፣ ማለትም ለእትዬ፣ አስታወቅሁ። እትዬ እሳቱ ሳይሆን ለኳሹ እንደሚያሳስባት ብትነግረኝም፣ ፈቃዱን ከነማኅተሙ ሳሳያት ወደ ላሞቿ ተመለሰች። አሁን በአክብሮት ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

፩. ስድስተኛው ደንብ አመዱ በእጅ ጀርባ ተዳስሶ መቀዝቀዙ ሳይረጋገጥ ከቦታው መራቅ ክልክል ነው ይላል። ሰባተኛው ደግሞ ፈቃድ የወሰደው ሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት በአካል ቀርቦ እሳቱ መጥፋቱን እንዲፈርም ያዛል። በሦስት ሰዓት አመዱ ገና ይፋጅ ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ ሰልፉን ሳይጨምር። ሌላ ሰው ቢሆን ከአመዱ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን በዕድሜዬ ቀነ ገደብ አሳልፌ ስለማላውቅ፣ አንዱን ባልዲ ቸለስ አድርጌ፣ ሁለተኛውን ለጎመኔ ቆጥቤ፣ ልፈርም ሮጥኩ። እሳትን ትቶ መሄድን ግዴታ ያደረገ የእሳት መከላከያ ደንብ ከዚህ በፊት አይቼ ስለማላውቅ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. ተሰልፌ ሳለሁ በመስኮትዎ በኩል ከኮረብታው ወዲያ ጭስ ሲነሳ አየን። መዝጋቢዋ ብዕሯን አስቀምጣ ተመለከተች። እኔም ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ በዚህ ደረቅ ወር እሳት ለኩሶ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት እንዳለው ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፤ ጥቂት ሰዎችም ልክ ነህ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከዚያም ቀርቤ፣ እሳቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን አረጋግጫለሁ ከሚለው መስመር ሥር ፈረምኩ። ፊርማዬ ድሮም ያማረ ነው፤ የዚያን ቀኑ ግን ተለይቶ አማረ። እናቴ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ስትል ማንን አስባ እንደነበር የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው።

፫. የጽሕፈት ቤትዎ የእሳት ማጥፊያ አካፋዎች መጋዘን ተቆልፎባቸው ነበር። ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ለእሳት ፈጥኖ ስለመድረስ ሥልጠና ሄዶ ነበርና አልተቀየምነውም። ጎረቤት በቅጠልና በድስት አጠፋው፤ እኔም ቅንድቤን አዋጣሁ። ቡድንዎ በማግስቱ መጥቶ ፎቶ ስላነሳን እናመሰግናለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉትን ሰዎች ሥርዓት እንዲይዙ ነግሬያቸዋለሁ።

፬. ነፋሱ ፍሙን ወስዶ የጣለው የእትዬ ድርቆሽ ላይ ነበር። ክምሩ እስከ ሥሩ ነደደ። ዝናብ እስኪጥል ሁለት ላሞቿ የሚበሉት እሱን ብቻ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ለእሳት ተጎጂዎች መኖ ይሰጣል ሲባል ሰምታ አመለከተች። በመዝገቡ መሠረት በዕለቱ በአካባቢው የነበረው ብቸኛ እሳት በአራት ሰዓት ስለጠፋ፣ ድርቆሿ አልተቃጠለም የሚል መልስ በጽሑፍ ደረሳት። ማስረጃው የእኔ ፊርማ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ባለጉዳይን መዝገብ ላይ ከሌለ የለም እያልኩ የመለስኩት እኔው ነኝና፣ የገዛ ቃሌ ተመለሰብኝ።

አፍሬያለሁ። ላሞቹ ጎናቸው እየገባ ነው፤ ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩኝ በሌላኛው በር እወጣለሁ። ስለዚህ የምለምንዎ እንዳያምኑኝ ብቻ ነው። ፊርማዬን ይሰርዙልኝ፣ በአጥፊነት ይመዝግቡኝ፣ ለእትዬ መኖውን ይስጡልኝ።

ደንብዎን አክብሮ የእኅቱን ድርቆሽ ያቃጠለ፣ በሙሉ ትሕትናና በአንድ ቅንድብ እጅ የሚነሳ፣

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

የተረሳ ነገር፦ እትዬ መልስዎ ከደረሳት ቀን ጀምሮ በርጩማ ይዛ አመዱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ለጠየቃት ሁሉ ስድስተኛውን ደንብ እያከበርኩ ነው፣ ከጽሕፈት ቤቱ ሰው መጥቶ በእጁ ጀርባ ካልዳሰሰው አልነሳም ትላለች። ሲመጡ ባዶ እጅዎን ባይመጡ ለላሞቹ ደግ ነው። እኔማ ትናንት ሄጄ በሁለት እጄ ዳሰስኩትና ቀዝቅዟል አልኳት። እንግዲያው ፈርምበታ አለችኝ። ከቃጠሎው ወዲህ ያናገረችኝ ይህችን ብቻ ነው።